ጥቆማ፦ 900 ፊልም በሥርዓት አስቀምጦ ቲቪ ላይ የሚያጫውት ፕሮግራም

እንጆሪ
ሰላም ቤተሰብ። 4 ቴራ ኤክስተርናል ሃርድዲስክ ላይ ወደ 900 ፊልም አለ። ግማሹ የውጭ ነው፣ የቀረው ከድሮ ቪሲዲና ዲቪዲ የተገለበጠ የአማርኛ። ፖስተሩንና ታሪኩን እያሳየ የሚያጫውት ፕሮግራም ጠቁሙኝ። ያለው ዕቃ አሮጌ ላፕቶፕ (አይ5፣ 4ኛ ትውልድ፣ 8 ጊጋ ራም)፣ ሳምሰንግ ስማርት ቲቪና የቴሌ ዋይፋይ ነው። ኢንተርኔት ሲጠፋም መሥራት አለበት፣ እማዬም በሪሞት ብቻ ልትከፍተው ይገባል። ፕሌክስ፣ ጄሊፊን ወይስ ኮዲ? ሃርድዲስኩ ስለሞላ ሁለተኛ የት እንደምገዛም ብትነግሩኝ።

ባለሪሞት
ፕሌክስ። ከሳምሰንጉ የራሱ ስቶር ይጫናል፣ አለቀ። ቤት ውስጥ ለማየት ነፃ ነው። ከቤት ውጭ ለማየት ግን ከ2025 ጀምሮ ያስከፍላል፣ አንዴ ተከፍሎ የሚያበቃው የዕድሜ ልኩ ፓስም በዚያው ዓመት ከ120 ወደ 250 ዶላር ገብቶ ነበር። አንቺ ግን አያስፈልግሽም።

ጎተራ47
«አለቀ» እንኳ አይባልም። ፕሌክስ አካውንትሽን የሚያረጋግጠው በኢንተርኔት ነው። መስመር ሲቋረጥ ቲቪው ሰርቨሩን (ፊልሙን የሚልክለትን ላፕቶፕ) አላገኘሁም ሊል ይችላል። ሰርቨሩ ሴቲንግ ላይ ኔትወርክ ውስጥ ገብተሽ፣ ያለ ማረጋገጫ የሚፈቀዱ አድራሻዎች የሚለው ሳጥን ላይ የቤትሽን ኔትወርክ (ለምሳሌ 192.168.1.0/24) መስመር ሳይጠፋ አስቀድመሽ መጻፍ አለብሽ።

ጄሊፊን ላይ የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል እዚያው ላፕቶፑ ላይ ስለሚቀመጥ ይሄ ጣጣ የለም። ኤምቢ የሚባለው ተመሳሳይ ፕሮግራም በ2018 መጨረሻ ኮዱን ሲዘጋ ከእሱ ተገንጥሎ የወጣ ነው፣ የሚከፈልበት ክፍል የለውም። ሳምሰንግ ላይ መጫኑ ግን በብዙ ሞዴል በዴቨሎፐር ሞድ ዞሮ መግባት ይጠይቃል። አንድሮይድ ቲቪ ቦክስ ገዝቶ በኤችዲኤምአይ መሰካት ይሻላል። ሬውተሩ ላይ ለላፕቶፑ ቋሚ አይፒ ያዢለት፣ ስሊፕም አጥፊ። ያለዚያ እማዬ ዛሬ ያገኙትን ነገ አያገኙትም።

የተሸወደው
ፕሮግራሙን ተዉትና ዲስኩን እዩ! ከአንድ ሱቅ «አዲስ፣ እሽግ» ተብሎ የተሸጠልኝ 4 ቴራ ሲጌት ክሪስታልዲስክኢንፎ (የዲስክ ጤና የሚያሳይ ፕሮግራም) ላይ የሠራበት 0 ሰዓት ነበር የሚለው። በስማርትሲቲኤል ፕሮግራም ፋርም የሚባለውን፣ ዲስኩ ራሱ ስለ ሥራው የሚይዘውን መዝገብ ሳነበው ከ20 ሺህ ሰዓት በላይ ሠርቷል። ልመልስ ስል «ስቲከሩ ተነስቷል፣ ዋስትና የለውም» አሉኝ። ስቲከሩን ያነሱት ራሳቸው ናቸው።

ባለሪሞት
የቱ ሱቅ?

የተሸወደው
ስም መጥራት አልፈልግም። ሁሉም ያው ናቸው።

የፒያሳ ልጅ
ሁሉም ያው አይደሉም። እኔ የምገዛበት ልጅ በሕይወቱ አንድም ሰው ሸውዶ አያውቅም። ፒያሳ ሲፈርስ ሱቁን ወደ መገናኛ አዛውሯል። የሚፈልግ ኢንቦክስ ያድርገኝ።

የተሸወደው
ከእሱ የገዛኸውን ዲስክ ሰዓቱን አይተህ ታውቃለህ?

የፒያሳ ልጅ
ለምን አያለሁ? አምነዋለሁ።

ኬብል
ዲስኩም ያምንሃል ወንድሜ፣ እስኪሞት።

ሚሚ ቴክ
ከመጣላት ሲገዙ መፈተሽ ነው። ላፕቶፕ ይዘሽ ሂጂ እህቴ። ክሪስታልዲስክኢንፎ ላይ ሰዓቱን ብቻ አትዪ፣ በ2025 መጀመሪያ እንደወጣው ያገለገሉ ሲጌቶች ሰዓታቸው ተሰርዞ እንደ አዲስ ይሸጣሉ። ፋርም ግን በብዙዎቹ አብሮ አልተሰረዘም። የተበላሸ ቦታ የሚቆጥሩት ቁጥር 05፣ ሲ5 እና ሲ6 ሦስቱም ዜሮ መሆን አለባቸው። ሲ5 ከዜሮ ካለፈ ዋጋ ቢቀንሱልሽም አትውሰጂ፣ ማንበብ ያቃተው ቦታ አለው ማለት ነው። ዊንዶውስ ላይ 4 ቴራው 3.63 ቢል ሌብነት አይደለም፣ የቆጠራ ልዩነት ነው። «16 ቴራ» የሚሉ ርካሽ ትንንሽ ኤስኤስዲዎች ግን ውሸት ናቸው። ኤች2ቴስትደብሊው የሚባለው ፕሮግራም ዲስኩን ሞልቶ መልሶ በማንበብ ያጋልጣቸዋል። 4 ቴራ ሙሉ ለመፈተሽ በሰከንድ 120 ሜጋባይት ቢጽፍ እንኳ ለመጻፍ ብቻ ከ9 ሰዓት በላይ ነው፣ ስለዚህ ቤት ነው የሚሠራው። ሻጩ ለዚያ የሚሆን የመመለሻ ጊዜ በጽሑፍ ካልሰጠሽ ሌላ ሱቅ።

አቦል
ለምን ካናል ፕላስ አታስገቢም? ይሄ ሁሉ ልፋት ለምን።

ኬብል
ጥያቄውን ያነበበ እጁን ያውጣ።

ጎተራ47
ስለ ዲስክ ከተነሳ መብራቱን አትርሱ። ላፕቶፕ ባትሪ አለው፣ መብራት ቢጠፋ ይቀጥላል። ትልቁ ባለ 3.5 ኢንች ዲስክ ግን በ12 ቮልት አዳፕተር ስለሚሠራ እየጻፈ ድንገት ይቆማል። ፎርማቱ ኤክስፋት ከሆነ ጆርናል (ለውጥን አስቀድሞ የሚይዝ መዝገብ) ስለሌለው ፎልደር ሙሉ ሊጠፋ ይችላል። ኤንቲኤፍኤስ ይሁን። ዲቫይስ ማኔጀር ላይ የዲስኩን ፖሊሲ «ኩዊክ ሪሙቫል» አድርጊው። ባለ 2.5 ኢንቹ ከዩኤስቢው ኃይል ስለሚወስድ ላፕቶፑ እስካለ አለ። ትልቁን ከወደድሽ ትንሽ ዩፒኤስ ለዲስኩና ለሬውተሩ ይበቃል።

ባለሪሞት
ታዲያ ዲስኩን በቀጥታ ቲቪው ዩኤስቢ ላይ ብትሰካውስ? ሰርቨር ምን ያደርጋል።

ሚሚ ቴክ
ፖስተር አይመጣም፣ የፋይል ዝርዝር ብቻ ነው። ሌላም አለ። ሳምሰንግ ከ2018 ሞዴሎቹ ጀምሮ ዲቲኤስ የሚባለውን የድምፅ ዓይነት አያነብም፣ ምስሉ ይመጣል፣ ድምፁ የለም። መፍትሔው ኤፍኤፍኤምፔግ በሚባለው መቀየሪያ ፕሮግራም ቪዲዮውን ሳይነኩ ኮፒ ማለት፣ ድምፁን ብቻ ወደ ኤሲ3 በ640 ኪሎቢት መቀየር ነው። የምስሉ ጥራት አይወርድም፣ አንድ ፊልም በጥቂት ደቂቃ ያልቃል። ሰርቨሩ ራሱ እያጫወተ ይቀይር ካልሽ፣ ድምፅ ብቻ ከሆነ አሮጌው አይ5 ይችለዋል። ኤች265 በሚባለው አጨማመቅ የተሠራ ቪዲዮ ከሆነ ግን ይከብደዋል። 4ኛ ትውልድ ኤች265ን በወጉ አይፈታም፣ 8 ቢቱ ከ6ኛ፣ 10 ቢቱ ከ7ኛ ትውልድ ነው የሚጀምረው። ስለዚህ ማጫወቻው ፋይሉን እንዳለ እንዲያነብ ነው መጣር ያለብሽ። ምስል እየቆመ ከሄደ ጄሊፊን ዳሽቦርድ ላይ ዳይሬክት (ፋይሉን እንዳለ እየላከ) ነው ወይስ ትራንስኮድ እያደረገ (እየቀየረ) የሚለውን እዪ።

ገልባጭ
የአማርኛዎቹን ማንም አልነካም፣ ዋናው ችግር ያለው ግን እዚያ ነው።

አንደኛ፣ ዓመተ ምህረት። ጄሊፊንም ፕሌክስም ኮዲም ፎልደሩን የሚያነቡት «የፊልሙ ስም፣ ቀጥሎ በቅንፍ ዓመት» ብለው ነው፣ ዓመቱም የፈረንጅ ነው። ሽፋኑ ላይ 2007 የሚል የአማርኛ ፊልም እንዳለ ከገባ በፈረንጆች 2007 የወጣ ስሙ የሚመሳሰል የህንድ ወይም የአሜሪካ ፊልም ፖስተር ይለጥፍበታል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ የወጣ ከሆነ 7፣ ከዚያ ወዲህ ከሆነ 8 ጨምሪ።

ሁለተኛ፣ ብዙዎቹ ፕሮግራሞቹ መረጃ በሚያመጡበት ቲኤምዲቢ ድረ ገጽ ላይ የሉም። ለእነሱ ሚዲያኤልክ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ኤንኤፍኦ (የፊልሙ መረጃ የሚጻፍበት) ፋይል በእጅ ትሠሪያለሽ። ርዕስ፣ ዓመት፣ ተዋንያን፣ ታሪክ። የቪሲዲውን ሽፋን ስካን አድርገሽ «ፖስተር» በሚል ስም (በእንግሊዝኛ ፊደል) እዚያው ፎልደር ውስጥ አስቀምጪ። ጄሊፊን ላይ ፊልሙን ቆልፊው፣ አለዚያ ቆይቶ የኢንተርኔቱን መረጃ ይገለብጥበታል። ስሙን በአንድ ዓይነት ፊደል ጻፊ፣ ፍለጋው ሰ እና ሠ፣ ሀ እና ሐ አንድ መሆናቸውን አያውቅም። «ሠርግ» ብለሽ ያስገባሽውን «ሰርግ» ብትይ አታገኚውም።

ሦስተኛ፣ ቪሲዲ። ዲስኩ ላይ ያለው ዳት ፋይል ኤክስቴንሽኑን በመቀየር ብቻ አይስተካከልም፣ ቪኤልሲ ያጫውተዋል እንጂ ሰርቨሮቹ አያውቁትም። ቪሲዲጊር ወደ ኤምፔግ ያወጣዋል። ምስሉ 352 በ288 ነው፣ ማሳደጊያ ሶፍትዌር ላይ ገንዘብ አታጥፊ፣ ከዚያ አይሻልም። በሁለት ሲዲ የመጣውን አንድ ፎልደር ውስጥ ስሙን አንድ አድርገሽ መጨረሻ ላይ ሰረዝ ሲዲ1፣ ሰረዝ ሲዲ2 (በእንግሊዝኛ) ካልሽ ጄሊፊን እንደ አንድ ፊልም ያጫውተዋል። ለዲቪዲው ሜክኤምኬቪ ቮብ ፋይሎቹን ጥራት ሳይነካ አንድ ያደርጋቸዋል።

አቦል
እሺ ይሄ ጥሩ ነው። ሰብታይትሉ በአማርኛ ሲሆን ሳጥን ሳጥን የሚያወጣውስ?

ገልባጭ
ማጫወቻው የግዕዝ ፎንት ስለሌለው ነው። ኮዲ ላይ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ወይም አቢሲኒካን ሚዲያ ሥር ባለው ፎንትስ ፎልደር አስገብተህ ፕሌየር ሴቲንግ ውስጥ ሰብታይትል ላይ ምረጠው። ፋይሉ ዩቲኤፍ-8 ሆኖ ይቀመጥ። ሳጥን ሳይሆን የላቲን ቁርጥራጭ ካየህ ግን በድሮ ፎንት፣ እንደ ፓወር ግዕዝ ባለው ተጽፎ ይሆናል፣ ወደ ዩኒኮድ ካልተቀየረ ምንም ፎንት አያድነውም።

የጉለሌው
ዲስኮቹ ብዙ ከሆኑና ሁሉም አንዴ ካልተሰኩ አንት ሙቪ ካታሎግ ይበልጣል። አያጫውትም፣ የትኛው ፊልም የትኛው ዲስክ ላይ እንዳለ፣ ለማን እንዳዋስሽ ይመዘግባል። «ማን ወሰደው» ለሚለው ጠብ መድኃኒቱ እሱ ነው።

እንጆሪ
አመሰግናለሁ ሁላችሁም። ገልባጭ፣ 400 ለሚሆኑት ኤንኤፍኦ በእጅ መሥራት? 😅 ሚሚ ቴክ፣ ቦክሱ 2 ጊጋ ራም ይበቃዋል?

ሚሚ ቴክ
ለማጫወት ብቻ ይበቃል። የላን ቀዳዳ ያለውን ምረጪ፣ ዋይፋዩ 2.4 ብቻ የሆነውን ተይው።

ገልባጭ
400ውን አንዴ አትሥሪ። እማዬ የሚያዩትን ጀምሪ፣ የቀረው በፎልደር ስም ብቻ ይቀመጥ።

የፒያሳ ልጅ
ቦክስም አለው ልጁ። ኦሪጅናል።

የተሸወደው
ዋጋ?

የፒያሳ ልጅ
ኢንቦክስ።

ኬብል
ከ4 ቴራው መረጃ ሁሉ በላይ በምስጢር የሚጠበቀው ይሄ ዋጋ ነው።