ስትራክትን በቅጂ ስናስተላልፍ ኮምፓይለሩ ምን ያደርጋል?

ጥያቄ፦
በሲ ቋንቋ በምጽፈው የጂኦሜትሪ ፕሮግራም ውስጥ ሁለት ደብል (የአስርዮሽ ቁጥር) የያዘ ስትራክት (በአንድ ስም የተሰባሰቡ መስኮች) ለፈንክሽን በቅጂ አስተላልፋለሁ። ሦስተኛ ደብል ስጨምርበት፣ ቀድሞ በሬጅስተር (በፕሮሰሰሩ ውስጥ ባለ ፈጣን ማስቀመጫ) ይሄድ የነበረው በሙሉ ስታክ (ለጥሪዎች የተመደበ የሜሞሪ ክፍል) ላይ መገልበጥ ጀመረ። የምሠራው በሊነክስ፣ በኤክስ86-64 ፕሮሰሰር ነው። ምክንያቱ ምንድን ነው? ፖይንተር (የሜሞሪ አድራሻውን) ባስተላልፍስ ይሻላል?

መልስ 1፦
ወሰኑ 16 ባይት ነው፤ ደብል 8 ባይት ስለሚይዝ የቀድሞው ስትራክትዎ ልክ 16 ነበር፣ አሁን 24 ሆኗል። ሊነክስ የሚከተለው የሲስተም ቪ የጥሪ ስምምነት (ፈንክሽን ሲጠራ ዋጋዎች በየት እንደሚተላለፉ የሚወስን ደንብ) ከ16 ባይት የማይበልጠውን ስትራክት በየ8 ባይቱ ከፍሎ ይመድበዋል፤ ክፍሉ ፍሎት ወይም ደብል ብቻ ከያዘ ለአስርዮሽ ቁጥር ወደሚያገለግሉት ኤክስኤምኤም ሬጅስተሮች፣ ኢንቲጀር ወይም ፖይንተር ካለበት ደግሞ እንደ አርዲአይና አርኤስአይ ወዳሉት የኢንቲጀር ሬጅስተሮች ይላካል። ለሁሉም ክፍሎች የሚበቃ ሬጅስተር ካልቀረ ስትራክቱ በሙሉ ወደ ስታክ ይሄዳል እንጂ ለሁለት አይከፈልም። ከወሰኑ ያለፈ ተራ ስትራክት ግን ነፃ ሬጅስተር ቢኖርም ስታክ ላይ ይገለበጣል።

መልስ 2፦
ይህ የሲ ቋንቋ ሕግ ሳይሆን የመድረኩ (የፕሮሰሰሩና የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ) ሕግ መሆኑ ሊሰመርበት ይገባል። በ64 ቢት አርም ላይ ሊነክስ ቢጠቀሙ፣ እስከ አራት የሚደርሱ ዓይነታቸው አንድ የሆነ የደብል መስኮች በሬጅስተር ስለሚተላለፉ፣ ያው ባለ 24 ባይት ስትራክትዎ ስታክ ሳይነካ ይሄድ ነበር። በ64 ቢት ዊንዶውስ ደግሞ መጠኑ 1፣ 2፣ 4 ወይም 8 ባይት ካልሆነ ጠሪው ቅጂ አዘጋጅቶ አድራሻውን ስለሚያስተላልፍ፣ ባለ 16 ባይቱም እንኳ በሬጅስተር አይሄድም። ክላንግ የተባለው የሲ ኮምፓይለር ይህን ምደባ ኮዱን የማሽን ኮድ ለሚያመነጨው ለኤልኤልቪኤም ከማስረከቡ በፊት ራሱ ይሠራዋል፤ ስለዚህ በኤልኤልቪኤም ላይ አዲስ ቋንቋ ሠርቶ ከሲ ጋር ማገናኘት የሚፈልግ ሁሉ ሥራውን እንደገና መሥራት ግድ ይሆንበታል። በእኔ እምነት ከኮምፓይለር ሥራ ሁሉ ይበልጥ ችላ የሚባለው ይህ ክፍል ነው።

መልስ 3፦
ስለ ፖይንተሩ፦ ኮምፓይለሩ የፈንክሽኑን አካል አይቶ በጥሪው ቦታ ከተካው ቅጂው አብዛኛውን ጊዜ ይጠፋል፤ ስለዚህ ለ24 ባይት ብለው ኮድዎን አይለውጡ። ፖይንተርም የራሱ ዋጋ አለው፤ በመካከል በሌላ ፖይንተር በኩል የሚጻፍ ነገር ካለ፣ ኮምፓይለሩ መስኮቹ ሊለወጡ ይችላሉ ብሎ ከሜሞሪ ደግሞ ለማንበብ ይገደዳል፣ ኮንስት (በዚህ ፖይንተር በኩል አይለወጥም) ብለው ቢጽፉበትም። ስትራክቱ በመቶዎች የሚቆጠር ባይት ኖሮት ጥሪው ወደ ሌላ ላይብረሪ የሚሻገር ከሆነ ግን ፖይንተሩን ይምረጡ።