ግማሽ ቤንዚን እያለኝ ልሙላ ወይስ ልተወው?

የናቲ እናት፣ ክሮይደን (ደቡብ ለንደን)
ረቡዕ መስከረም 19 ቀን 2014 ዓ.ም.

እንዴት ዋላችሁ ወገኖቼ። ከቤት ቤት እየዞርኩ የኬር፣ ማለት አቅም ያጣ ሰው የመንከባከብ ሥራ ነው የምሠራው። በቀን ዘጠኝ ቤት እገባለሁ። የመጀመሪያዋ ኮልስደን ዳገቱ ላይ የሚኖሩ የ84 ዓመት እናት ናቸው። ከአልጋ የማነሳቸውም መድኃኒታቸውን የምሰጣቸውም እኔ ነኝ። ጠዋት እኔ ካልደረስኩ በሩን የሚከፍት ሰው የለም።

ሐሙስ ዕለት የነዳጅ ኩባንያው ቢፒ ሹፌር አጥሮት ጥቂት ማደያዎች ሊዘጋ ነው የሚለው ወሬ ሲወጣ ልብ አላልኩትም። ሥራ ላይ ነበርኩ። ቅዳሜ ጠዋት የቤንዚኑ መብራት በራ። አራት ማደያ ዞርኩ። አራቱም ጋ መቅጃው ላይ ፌስታል ታስሯል። እሑድ ለደመራ ቤተ ክርስቲያን አልሄድንም። ልጄ ነጭ ልብሱን ለብሶ በር ላይ ቆሞ ነበር። ያለችኝን ጠብታ ለሰኞ ሥራ ማትረፍ ነበረብኝ። እስካሁን ያንገበግበኛል።

ሰኞ ሌሊት 10 ሰዓት ተነስቼ ተሰለፍኩ። ሁለት ሰዓት ሊሞላ ምንም አልቀረውም። የሥራ ባጄን በመስኮት እያሳየሁ፣ የታመመ ሰው እየጠበቀኝ ነው ብዬ ለመንኩ። መስኮቱን የዘጋብኝ አለ። ከፊቴ የነበረው ሰውዬ ሰልባትዮውን ሞልቶ ሲያበቃ ከኋላ ሁለት ጀሪካን አወጣ። ተራዬ ሲደርስ ከ30 ፓውንድ በላይ አይቻልም ተባልኩ። 22 ሊትር ገደማ ነው። እስከ ዛሬ በእሱ ነው የቆየሁት።

አሁን ግማሽ ገደማ አለኝ። እስከ ቅዳሜ ያደርሰኛል። ዛሬ ከሥራ ስመለስ አንድ ማደያ ቦቴ ሲያራግፍ አየሁ። ሰልፉም አጭር ነበር። ልገባ ስል ያ ባለ ጀሪካን ትዝ አለኝ። በእሱ ተናድጄ እኔ በግማሽ ላይ ልጨምር? አልፌ ሄድኩ። ቤት ስገባ ደግሞ የኮልስደኗ እናት መጡብኝ። ቅዳሜ ባጣስ? እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?

ሳሚ፣ ሊድስ

እህቴ፣ ሙዪው። ምንም አያሳስብሽ። ሽርሽር ልትሄጂበት አይደለም። እዚህ እኛ ጋ ትንሽ ቀለል ብሏል፣ ለንደን ግን እንደባሰበት ነው የምሰማው።

ባለ ቦቴው

ቦቴ ነው የምነዳው። ከፐርፍሊት ማከማቻ እየጫንኩ ደቡብ ለንደን አራግፋለሁ። ስለዚህ የማየውን ልንገርሽ።

ቤንዚን አልጠፋም። ስቀዳ አንድም ቀን የለም አልተባልኩም። የጎደለው የሚያደርሰው ሰው ነው። የትራንስፖርት ማኅበሩ ባገሩ 100 ሺህ ያህል የከባድ መኪና ሹፌር ይጎድላል ይላል። በኮቪድ ጊዜ የመንጃ ፈቃድ ፈተና ቆመ። ከብሬግዚት፣ አገሩ ከአውሮፓ ኅብረት ከወጣ በኋላ የምሥራቅ አውሮፓ ልጆች ወደ አገራቸው ገቡ። ሽማግሌዎቹ ጡረታ ወጡ። ወጣቱ ደግሞ ጋቢና ውስጥ እያደሩ ሽንት ቤት የሌለው ቦታ መቆምን አይፈልግም፣ አልፈርድበትም። አሁን መንግሥት ለ5 ሺህ የውጭ ሹፌር እስከ ገና ዋዜማ ቪዛ እሰጣለሁ ብሏል። ለሦስት ወር ብሎ ቤቱን ጥሎ የሚመጣ ማነው?

ግን ይሄ ሁሉ ወራት የቆየ ችግር ነው። ሐሙስ የተነገረው ስለ ጥቂት ማደያዎች ብቻ ነበር። ሌላውን ያደረቀው ሰልፉ ነው። ሒሳቡን እዪው። በዚህ አገር ከ30 ሚሊዮን በላይ መኪና አለ። እያንዳንዱ 10 ሊትር ብቻ ቢጨምር 300 ሚሊዮን ሊትር ነው። የእኔ ቦቴ 36 ሺህ ሊትር ገደማ ይይዛል። ከ8 ሺህ ቦቴ በላይ ማለት ነው፣ ከተለመደው ውጭ፣ ባንድ ቅዳሜና እሑድ። ያንን ማን ያደርሰዋል? የትራንስፖርት ሚኒስትሩ ግራንት ሻፕስ እንደተለመደው ቅዱ ቢሉም ሰው አልሰማቸውም። ባዶ ማደያ በዓይኑ ያየ ሰው እንዴት ይስማ?

ስለዚህ ዛሬ ያለፍሽው ልክ ነሽ። ሩብ ሲደርስ ግን ሙሉ ሙዪ፣ አትፈሪ። ባለ ጀሪካኑ ቤቱን ያቃጥላል ብዬ ነው የምፈራለት። ለሚመለከተው አካል ሳያሳውቁ ቤት ማስቀመጥ የሚፈቀደው እስከ 30 ሊትር ብቻ ነው፣ እሱም ለቤንዚን በተሠራ ዕቃ። በውኃ ጠርሙስ የሚቀዳ ሰው ሁሉ አይቻለሁ። እባካችሁ እንዲህ አታድርጉ።

የፔካም ታክሲ

የሐኪሞች ማኅበር ለጤና ሠራተኞች ቅድሚያ ይሰጥ ብሎ ጠይቋል። ጥሩ ነው። ግን እኛስ? መኪናዋ የኪራይ ናት። ብትቆምም ብትሠራም ሳምንት ሲደርስ እከፍላለሁ። ሦስት ልጆች አሉኝ። በሳምንት ሦስት ቀን ኩላሊት እጥበት የማደርሳቸው አባት አሉ። እኔ ባጅ የለኝም። የእሳቸውን ቅድሚያ ማን ይቆጥረዋል?

እትዬ ከቶተንሃም

ልጆቼ፣ በፈረንጆቹ 2000 መስከረም ላይ እዚህ ነበርኩ። ያኔ ገበሬዎችና ሹፌሮች የነዳጅ ቀረጥ ይቀነስ ብለው የማጣሪያዎቹን በር ዘጉ። ቀናት ውስጥ አብዛኛው ማደያ ደረቀ። ያን ጊዜም ጎረቤት በጎረቤት ላይ ዓይኑ ቀላ።

እኔ ትዝ የሚለኝ የእናቴ የቀበሌ ሱቅ ነው። ስኳር ለመውሰድ ረጅም ሰልፍ ነበር፣ ያስመርራል። ካርዷ ላይ ግን የቤተሰቧ ቁጥር ተጽፏል። ድርሻዋን ታውቀዋለች። የዛሬው 30 ፓውንድ ስንት ሰው በአንቺ እንደሚጠብቅ አይጠይቅም። ሱቅ ደርሶ ለሚመጣውም፣ ኩላሊት እጥበት ለሚያደርሰውም እኩል ነው። ሰው የሚሻማው ነገ እንደሚደርሰው ስለማያውቅ ነው። የሚያስቆጣኝ ይሄ ነው እንጂ ተሰላፊው አይደለም።

የናቲ እናት

እትዬ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የፔካሙ ወንድሜ፣ ይቅር በለኝ፣ እኔ የራሴን ባጅ ብቻ ነበር ያየሁት። መስኮቱን የዘጋብኝም ሰው የሚጠብቀው ይኖር ይሆናል።

አሁን ለሥራ ጓደኛዬ ደወልኩላት። እሷም ከሩብ በታች ናት። ከነገ ጀምሮ በእኔ መኪና አብረን እንወጣለን። ሩቅ ሩቁን እኔ እይዛለሁ፣ ቅርብ ለቅርብ ያሉትን እሷ በእግሯ ትዞራለች። ኃላፊያችንም እሺ ብላለች። ናቲን እሑድ በባቡር ቤተ ክርስቲያን እወስድሃለሁ ብየዋለሁ።

ባለ ቦቴው ወንድሜ፣ ዓርብ ማታ ሩብ ላይ የምደርስ ይመስለኛል። ክሮይደን አካባቢ የምታራግፍበት ቀን ካለ እዚሁ ጻፍልኝ።