ማታ ማታ የሚነበብ የሥዕል መጽሐፍ፦ ልጆችን እንዲህ የሚይዛቸው ምኑ ነው?

የሳቢያን እናት፦
ሰላም የድሬ ልጆች። ልጄ አራት ዓመቱ ነው። አክስቱ ከውጭ ስትመጣ የሥዕል ተረት መጽሐፍ አመጣችለት። ገጹን በሙሉ ሥዕል የሞላው፣ ከታች አንድ ወይ ሁለት መስመር ብቻ ያለው ዓይነት። ታሪኩ እኮ ምንም የለውም። አንድ ዳክዬ ጫማው ይጠፋበታል፣ ቤቱን ዞሮ ይፈልጋል፣ ያገኘዋል፣ ይተኛል። አለቀ። ይኸው ከዚያ ወዲህ በየማታው እሱ ካልተነበበ እንቅልፍ የሚባል የለም። ጽሑፉ እንግሊዝኛ ስለሆነ በአማርኛ እየመለስኩ ነው የምነግረው፣ ታዲያ ትናንት ካልኩት አንዲት ቃል ብቀይር ወዮልኝ! «እንደሱ አይደለም» ይላል። ደክሞኝ ሁለት ገጽ አንድ ላይ ከገለጥኩማ ጉድ ፈላ።

አንዱ ገጽ ተገንጥሎ በፕላስተር ለጥፌዋለሁ። መብራት ሲጠፋ እንኳ አጎበር ውስጥ ገብተን በስልክ ባትሪ ነው የምናነበው፣ በዚህ ሙቀት! መጨረሻ ላይ ዳክዬው ብርድ ልብስ እስከ አንገቱ ስቦ ይተኛል። ልጄ እሱን አይቶ ምን ቢል ጥሩ ነው? «አይሞቀውም?»

ሌላ ልገዛ ዋጋ ጠይቄ ስመለስ ባለቤቴ «ለዳክዬ ሥዕል ይሄ ሁሉ ብር? እኛ በቃል ተረት አይደል እንዴ ያደግነው?» አለ። መልስ አጣሁ። እውነት ምኑ ነው የሚይዛቸው? ደግሞስ ያንኑ አንዱን መደጋገሙ ደግ ነው?

የኬጂ መምህርት፦
እህቴ፣ ልጅሽ እያነበበ ነው። አንቺ ጽሑፉን ታነቢያለሽ፣ እሱ ሥዕሉን። አንቺ መስመሩን እስክትጨርሺ እሱ ገጹን ዞሮ አይቶ ጨርሷል። ጥሩ የሥዕል መጽሐፍ ደግሞ ጽሑፉ የማይናገረውን ነገር ሥዕሉ ውስጥ ያስቀምጣል። ክፍሌ ውስጥ አንድ አለኝ፣ ጽሑፉ የሚያወራው እንጀራ ስለምትጋግር አያት ነው። ሥዕሉ ላይ ግን በየገጹ ጥግ አንዲት አይጥ ከመሶቡ እየቆረሰች ትሄዳለች። ስለ አይጧ አንድም ቃል አልተጻፈም። ልጆቹ እዚያ ጋ ሲደርሱ መቀመጥ የለም፣ ሁሉም ጣቱን ይቀስራል። አያትየዋ የማታውቀውን፣ አንባቢዋ ቲቸርም ያላለችውን እነሱ ያውቃሉ። ከዚህ የበለጠ ምን ደስታ አለ?

መደጋገሙን አትፍሪ። እንግሊዝ አገር ሰሴክስ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ጥናት ነበር። ያንኑ ታሪክ ደጋግመው የሰሙ የ3 ዓመት ልጆች፣ የተለያየ ታሪክ ከተነበበላቸው ይልቅ አዳዲስ ቃላትን ይዘው ተገኝተዋል። ልጁ በመጀመሪያው ቀን «ምን ሊሆን ነው» የሚለውን ነው የሚከተለው። ጫማው እንደሚገኝ ካወቀ በኋላ ግን ጆሮው ወደ ቃላቱ ይዞራል። ለዚህ ነው ቃል ስትቀይሪ የሚይዝሽ።

አንድ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1988 ዋይትኸርስት የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ባወጣው ጥናት፣ ወላጅ ዝም ብሎ ከማንበብ «ይሄ ምንድን ነው? ምን እያደረገ ነው?» እያለ ልጁን ሲያስወራው የልጁ አነጋገር በአንድ ወር ውስጥ ሲሻሻል ታይቷል። እኔ ግን ይሄን ቀን ቀን ነው የምመክረው። አልጋ ላይ ፈተና አታድርጊበት፣ ይነቃብሻል።

ጀጎል ውስጥ ነኝ፦
አቦ እኔ ከባልሽ ጋር ነኝ! ተረት በጨለማ ነው የሚያምረው። አያቴ «ተረት ተረት» ትላለች፣ እኛ «የላም በረት» እንላለን፣ አለቀ፣ ሥዕሉን እያንዳንዳችን በጭንቅላታችን እንሥላለን። የኔ ጅብና የወንድሜ ጅብ አይገናኙም ነበር። መጽሐፍ ላይ ሲሣል ግን ሁሉም ልጅ አንድ ጅብ ይታደላል። እሱም ጅብ ቢሆን ጥሩ! ለልጄ አንድ የተረት መጽሐፍ ገዝቼላት ጅቡ ያለበትን ገጽ ገልጬ ሳሳያት «ይሄ ውሻ ነው» አለችኝ። ወላሂ ልክ ነበረች። ጆሮው ሹል፣ ጀርባው ቀጥ ያለ። ከግንቡ ውጭ ማታ ጅብ ሥጋ ሲጎርስ አጠገቡ ቆማ ያየች የሐረር ልጅ በምን ትሸወዳለች? የጅብ ጆሮ ክብ ነው፣ ጀርባው ከፊት ከፍ ብሎ ወደ ኋላ ይወርዳል። ሠዓሊው ጅብ አይቶም አያውቅ።

ከዚራ፦
ጀጎል፣ እሱ የሠዓሊው ጥፋት ነው፣ የሥዕል መጽሐፍን ምን አደረገህ? ልጅህ እኮ ሥዕሉን መርምራ ነው ያረመችው።

እኔም በአያት ተረት ነው ያደግኩት፣ ያውም በሁለት ቋንቋ። ጎረቤታችን የነበሩት ሶማሌ እናት «ሼኮ ሼኮ» ሲሉ እኛ «ሼኮ ሐሪር» ብለን ግቢው ውስጥ ምንጣፍ ላይ ኩምትር ነበር። ከዚያ ዴግዴር ትመጣለች። ጆሮዋ ረጅም የሆነች፣ ሰው የምትበላ ሴት። እስቲ ንገረኝ፣ ከሷ በኋላ ማን ይተኛል? ሽንት ቤት የሚሄድ እንኳ አይገኝም! የድሮው ተረት እኮ ማምሻ ነው፣ ሰው ሰብሰብ ብሎ የሚጫወትበት። ልጅ ለማስተኛት ብሎ የተረተ ያለ አይመስለኝም።

የመኝታ መጽሐፍ ግን ሆን ተብሎ ነው ለእንቅልፍ የሚሠራው። እስቲ የዳክዬውን መጽሐፍ አውጥተሽ እዪው። ብዙዎቹ ሲጀምሩ ደማቅ ናቸው፣ ቢጫ፣ ቀይ፣ ግርግር። እየሄዱ ቀለሙ ወደ ሰማያዊና ወደ ጥቁር ያደላል፣ ዕቃው ይቀንሳል፣ ዓረፍተ ነገሩ ያጥራል፣ መጨረሻው ገጽ ላይ ሁሉም ተኝቷል። ልጁ ከዳክዬው ጋር ወደ እንቅልፍ እየሰመጠ ነው የሚሄደው። የስልክ ካርቱን ይሄ የለውም፣ አንዱ ሲያልቅ ሌላው በራሱ ይጀምራል፣ ብርሃኑም እንቅልፍ የሚያመጣውን ሆርሞን ያዘገያል። መጽሐፍ ያልቃል። ይዘጋል። ልጅ ደግሞ ማለቁን በዓይኑ ያያል፣ ስንት ገጽ እንደቀረ ያውቃል፣ ለዚህ ነው ሲዘጋ የማያለቅሰው።

ማተሚያ ቤት የሠራሁ፦
የዋጋውን ነገር እኔ ልመልስ። ባለሥዕል መጽሐፍ ባለ ሙሉ ቀለም ነው፣ ሥዕሉ በአራት ቀለም ድብልቅ ነው የሚወጣው፣ ለእያንዳንዱ ቀለም አንድ ፕሌት (የማተሚያ ሰሌዳ) ይፈልጋል፣ ማለትም አራት። ጥቁር ጽሑፍ ብቻ የሆነ መጽሐፍ በአንዱ ይወጣል። ወረቀቱም ተራ ከሆነ ሥዕሉ ወደ ጀርባ ስለሚያሳይ ወፍራም ያስፈልጋል። ቁጥሩ ትንሽ ከታተመ ይሄ ወጪ ሁሉ በየአንዳንዷ ኮፒ ላይ ነው የሚያርፈው። ከውጭ የሚመጡት ብዙዎቹ 32 ገጽ የሆኑትም በዚሁ በማተሚያው ምክንያት ነው። ትልቁ ወረቀት ታትሞ ሲታጠፍ 16 ገጽ ይወጣዋል፣ ሁለት ሲሆን 32። እዚህ የሚታተመው ቀጠን ብሎ በስቴፕለር የሚመታው ለማርከስ ነው።

ግን መግዛት ብቻ አይደለም መንገዱ። አፍሪካን ስቶሪቡክ የሚባል የደቡብ አፍሪካ ድረ ገጽ አለ፣ ስቶሪዊቨር ደግሞ የህንዶች ነው። ሁለቱም ጋ የልጆች ባለሥዕል ተረት በነፃ ታወርጃለሽ፣ በአማርኛም በኦሮምኛም በሶማሊኛም አለ። ማተምም ማባዛትም ፈቅደዋል፣ እንደኛ ከተማ ሦስት ቋንቋ በአንድ ግቢ ለሚሰማበት ሰው ትልቅ ነገር ነው። ዳክዬ ሲሰለቸው በአህያና በፍየል ትተኪለታለሽ። የአፍሪካን ስቶሪቡኩ ብዙው አፍሪካ ውስጥ የተሣለ ስለሆነ ብርድ ልብሱም ይቀንሳል 😄

ጀጎል ውስጥ ነኝ፦
ጅብ አለበት? ጆሮውን መጀመሪያ አይቼ ነው የማወርደው።

የኬጂ መምህርት፦
ስታሳትሙ ጽሑፉ ተለቅ ይበል፣ በባትሪ ለሚያነብ ሰው ዓይን ያደክማል። ከሁለት ዓመት በታች ላለ ልጅ ደግሞ ወረቀቱን አታምኑት፣ ይበላዋል። ካርቶን ላይ ለጥፉለት።

የሳቢያን እናት፦
ኧረ ተባረኩ! ከዚራ ያልሽውን አወጣሁና አየሁት፣ እውነትሽን ነው፣ መጀመሪያው ገጽ ላይ ኩሽናው ቢጫ ነው፣ መጨረሻው ጥቁር ሰማያዊ። ይሄን ያህል ጊዜ ሳነበው ልብ ብዬው አላውቅም። ቲቸር፣ ልጄን «እዚህ መጽሐፍ ውስጥ እኔ የማላውቀው ነገር አለ?» አልኩት፣ ዝም ብሎ መስኮቱ ላይ ያለች ሸረሪት አሳየኝ። ሁሉም ገጽ ላይ አለች።

ባለቤቴን ግን አላሳመንኩትም፣ ጀጎል ያለውን አንብቤለት ጭራሽ ጉልበት አገኘ። ተስማምተን እሱ መብራት የጠፋ ቀን በቃል ይተርታል፣ ባትሪውም ይተርፋል ብሏል። እኔ ሁለት የአማርኛና አንድ የኦሮምኛ አውርጃለሁ። አሁን የቀረኝ ከለር ፕሪንት ነው። ከዚራ ሰፈር አካባቢ ነው ወይስ ታይዋን ገበያ የሚረክሰው?

ማተሚያ ቤት የሠራሁ፦
ታይዋን ጠይቂ፣ ግን አንድ ገጽ ሞክረው ሳያሳዩሽ ሁሉንም አታሳትሚ። ቀለም ሲያልቅባቸው ሰማዩን አረንጓዴ ያደርጉታል።