«ከ15 እስከ 18 ሰዓት»፦ የልጄ ልደት ጉድ ሠራኝ፣ እናንተ እንዴት ለመዳችሁት?

ጠያቂ፦ የሁለት ልጆች እናት፣ ፍራንክፈርት

ሰላም ለሁላችሁ። ጀርመን ከመጣን 4 ዓመታችን ነው። ባለፈው ቅዳሜ የትልቋን ልጄን 8ኛ ዓመት ልደት አከበርን። ከዚያ ወዲህ አኩርፋኛለች።

ለክፍሏ ልጆች መጥሪያው ላይ «ከ15 እስከ 18 ሰዓት» ብዬ ጻፍኩ፤ እዚህ ሁሉም መግቢያውንም መውጪያውንም ይጽፋል። ለኛ ሰዎች ደግሞ በስልክ «9 ሰዓት ኑ» አልኩ። ልክ 15 ሰዓት ሲሆን ደወሉ ጮኸ። ስድስት ልጆች ስጦታቸውን ታቅፈው በር ላይ ቆመዋል። እኔ ሻሼን አስሬ ገና ቁሌት ላይ ነኝ። የኛዎቹ መግባት የጀመሩት ሊመሽ ሲል ነው። «እነሱ ይምጡና ኬኩ ይቆረጣል» ስል 18 ሰዓት ሆነ። ወላጆቹ መጥተው ኮሪደር ላይ እንደቆሙ ለልጆቻቸው ጃኬት አለበሱ። ኬኩ የተቆረጠው ጓደኞቿ ከሄዱ በኋላ ነው። ማታ «እማዬ፣ ለምንድነው ሁሌ እኛ የምናረፍደው?» አለችኝ።

ደግሞ ጓደኛዋ ቤት ሄዳ ትጫወት ብዬ እናትየዋን ብጠይቃት ስልኳን ከፍታ አይታ «የዛሬ ሁለት ሳምንት ሐሙስ» አለችኝ። የ8 ዓመት ልጅ ለመጫወት ተርሚን፣ ቀጠሮ ማለት ነው! እንዴት ነው የቻላችሁት?

የስቱትጋርቱ፦

እህቴ፣ ሁለቱን ግብዣ ለያያቸው። ቅዳሜ የልጆቹ፣ እሑድ የኛ። የልጆቹ ላይ ዶሮ አያስፈልግም፤ ማንም አይበላልሽም። እዚህ ኬኩ የሚቀርበው እንደገቡ ነው፤ መጨረሻ ላይ አይደለም። ከዚያ ሁለት ሦስት ጨዋታ፣ ከመሄዳቸው በፊት ቋሊማ ወይም ፒዛ፣ አለቀ። ልጅሽ ስትጠራ ደግሞ ትንሹን ወንድሟን አስከትለሽ እንዳትሄጂ። እኔ አድርጌዋለሁ። ሰውየው ምንም አላለኝም፣ ግን ወንበር ፍለጋ ሲሯሯጥ አየሁት።

ጀበና፦

ልጄ፣ እኔ እዚህ 30 ዓመት ኖሬያለሁ፤ ልጆቼን አሳድጌ ድሬያለሁ። ሴትየዋ ሁለት ሳምንት ያለችሽ ጠልታሽ አይደለም። ማክሰኞ ዋና፣ ረቡዕ ሙዚቃ፣ ቀኑ ሞልቶባት ነው። ያን ሐሙስ ግን ብትሞት አትቀርብሽም። የኛ ሰው «እመጣለሁ» ብሎሽ ስንቴ ቀርቷል? እኔ ቤት እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቡና አለ። የፈለገ ሳይደውል ይመጣል። ልጆቼ የጀርመን ጓደኞቻቸውን ሳይቀር ይዘው ይመጡ ነበር፤ እነሱም ወደዱት። አንዱን ቀን ክፍት አድርጊው፣ ሌላውን ቀን ለካላንደር ስጪው።

ሃልብ፦

ማንም ያላነሳውን ልንገራችሁ። ጀርመኖች «ሃልብ ፊር» ሲሉ 3 ተኩል ማለታቸው ነው እንጂ 4 ተኩል አይደለም። «ወደ አራት ግማሽ» እንደማለት ነው። እኔ ቃሉን እንደሰማሁት «አራት ተኩል» ብዬ ልጄን የጥርስ ሐኪም ጋ ወሰድኩት። አንድ ሰዓት አርፍደን! የእንግዳ መቀበያዋ «ተርሚናችሁ አልፏል» ብላ ሌላ ቀን ሰጠችን፣ ከሁለት ወር በኋላ። የኛን የ6 ሰዓት ልዩነት ስትጨምሩበትማ ጭንቅላት ይዞራል። አሁን ቤት ውስጥ ሕግ አወጣን፤ ቀጠሮ በ24 ሰዓት አቆጣጠር ብቻ ነው የሚጻፈው። «9 ሰዓት» የሚባል ነገር ለልጅ አይነገርም። ጠዋት ይሁን ከሰዓት፣ በማን አቆጣጠር ይሁን በምን ያውቃል?

ቀጥተኛው፦

«የሐበሻ ቀጠሮ ባህላችን ነው» አትበሉኝ። አዲስ አበባ ለሚበር አውሮፕላን ያረፈደ ሐበሻ አይቼ አላውቅም፤ ሦስት ሰዓት ቀድሞ ሻንጣ እያስመዘነ ነው። የምናረፍደው የሚጠብቀን ሰው ምንም እንደማይለን ስለምናውቅ ነው።

የስቱትጋርቱ፦

እውነት ነው፣ ግን «ቀደም ያለ ሰዓት ንገሯቸው» የሚባለውን ዘዴ አትሞክሩት። እኔ ለ16 ሰዓት ግብዣ «14 ሰዓት» ብዬ አንድ ጎረምሳ በሰዓቱ ከች አለ። ሁለት ሰዓት ሙሉ አብሮኝ ድንች ላጠ።

የሙኒኳ፦

እኔ የምጨምረው የበዓላቱን ነው። የትምህርት ቤት እረፍት ከዓመታት በፊት ወጥቶ ያልቃል፤ የኛ ፋሲካ ግን በራሱ መንገድ ይሄዳል። በፈረንጆቹ 2025 ሁለቱም በኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 12 ላይ ገጠሙ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ግን የነሱ ካለፈ ከ5 ሳምንት በኋላ ነው የኛ የመጣው። ስለዚህ ዓመቱ ሲጀምር የግድግዳ ካላንደር ገዝቼ እንቁጣጣሽን፣ መስቀልን፣ ገናን፣ ጥምቀትን፣ ፋሲካን በቀይ እጽፋለሁ። በዓሉ የትምህርት ቀን ላይ ከዋለ ለመምህሯ አስቀድሜ በጽሑፍ ፈቃድ እጠይቃለሁ። ለሃይማኖት በዓል አስቸግረውኝ አያውቁም። «ትኬት ረክሷል፣ እረፍት ሳይጀምር ሁለት ቀን ቀድመን እንብረር» ማለት ግን ሌላ ጣጣ ነው። ያለፈቃድ ልጅ ማስቀረት የገንዘብ ቅጣት አለው። እዚህ ባቫሪያ ፖሊስ ኤርፖርት ላይ ተማሪ የያዘ ቤተሰብ አስቁሞ የሚጠይቅበት ጊዜ አለ።

ጠያቂዋ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የድንቹ ነገር ገደለኝ። እትዬ ጀበና፣ ከመጪው እሑድ ጀምሮ ቤቴ ቡና አለ፤ ፍራንክፈርት ብቅ ካሉ ሳይደውሉ ይምጡ። ካላንደሩንም ዛሬ ገዛሁ። ልጄ ወዲያው እስክሪብቶ አምጥታ የዛሬ ሁለት ሳምንት ሐሙስ ላይ የጓደኛዋን ስም ጻፈች። ከሥሩ ደግሞ «15፡00፣ እማዬ እንዳትረሺ» ብላ ሁለት ጊዜ አሰመረችበት።