የመጀመሪያ የግል ስቲኬን ልገዛ ነው፤ የየትኛውን ብራንድ ትመክሩኛላችሁ?

ነጯን_ተከተል (ጠያቂ)

ሰላም ቤተሰብ። ሁለት ዓመት ሙሉ ፑል ቤት ግድግዳ ላይ በተደረደረው ስቲክ ነው የተጫወትኩት። አንዱ ቲፑ፣ ማለትም ጫፉ ላይ ያለችው ቆዳ፣ የተሰነጠቀ፣ ሌላው እንደ ቀስት የጎበጠ። በቃኝ። አሁን የራሴን ልገዛ ነው። በእጅ በትዕዛዝ የሚሠራውን አይደለም የምፈልገው። ከፋብሪካ የሚወጣ፣ መለዋወጫ የሚገኝለት ይሁን።

ዝርዝሬ ላይ ፕሪዴተር፣ ሜዝ፣ ማክደርሞት እና ጆስ አሉ። ስምንት ኳስና ዘጠኝ ኳስ ነው የምጫወተው። ነጯን፣ ማለትም በስቲክ የምንመታትን ኳስ፣ መሃሏን ስመታ ችግር የለብኝም። የሚያስቸግረኝ ጎኗን ስመታ ነው። ነጯን በቀኝ በኩል ከመታኋት ከመስመር ወጥታ ወደ ግራ ታፈነግጥብኛለች። እሱን ለማካካስ ወደ ቀኝ አስበልጬ ማነጣጠር ለምጃለሁ። ይሄ የስቲኩ ጥፋት ነው የኔ? እናንተስ የምትወዱት የቱን ነው፣ ለምን?

ቾክ_በጣቱ

ወንድሜ፣ የማንም ጥፋት አይደለም። ነጯን ከመሃሏ ውጪ ስትመታት እሷና የስቲኩ ጫፍ ይገፋፋሉ። ጫፉ ከባድ ከሆነ እሱ ንቅንቅ አይልም፤ እሷ ናት ከመስመር የምትወጣው። ጫፉ ቀላል ከሆነ ግን እሱ ወደ ጎን ይልላታል፣ እሷም ካነጣጠርክበት ብዙ ሳትርቅ ትሄዳለች። እዚህ ላይ የሚቆጠረው የስቲኩ ጠቅላላ ክብደት አይደለም። ከቲፑ ጀምሮ አንድ ስንዝር ያህሉ ነው።

ፕሪዴተር በ1994 ተነስቶ ስም ያወጣው በዚሁ ነው። 314 የሚባለው ሻፍቱ፣ ማለትም ከመጋጠሚያው ወደ ፊት ያለው ግማሽ፣ ጫፉ አካባቢ ውስጡ ተቦርቡሮ እንዲቀል ተደርጓል። እኔ የምጫወተው ሬቮ በሚባለው የካርቦን ሻፍታቸው ነው፣ 12.4 ሚሊ ሜትሩ። አይጣመምም፤ በጨርቅ ጠረግ ካደረግከው አለቀ። ድምፁን ግን ሁሉም አይወደውም። ጓደኛዬ «ባዶ ቆርቆሮ የምትመታ ነው የሚመስለው» ይለኛል። ይበል። ለኔ አንደኛ ፕሪዴተር ነው።

እንጨት_ይሻለኛል

ቾክ ያለው ልክ ነው፤ ግን ሰውን ሁሉ ካርቦን ውስጥ ለመክተት ትቸኩላላችሁ። እኔ ዘጠኝ ዓመት በአንድ ማክደርሞት ነው የተጫወትኩት፤ ልቀይረው አስቤም አላውቅ። መነሻው አሜሪካ፣ ዊስኮንሰን ነው፤ ከ1975 ጀምሮ አለ። የምወደው ዋስትናውን ነው። የዕድሜ ልክ ነው፣ መጣመምንም ይሸፍናል። ሜፕል እርጥበት የሚጠጣ እንጨት ስለሆነ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ዋስትና አለኝ ብለህ ግን ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ አትተወው። ግድግዳ አስደግፈህም እንዳትረሳው።

ከማክደርሞት በፊት ተቃጥያለሁ፤ ብራንዱን አልጠራም። እጀታው ሲያዩት ልብ ይሰርቃል፤ ጥቁር እንጨት፣ ነጭ ፈርጥ። በስድስተኛው ወር ቫርኒሹ ተላጠ። ፈርጡም አብሮት ተላጠ! ለካ ተለጣፊ ምስል ኖሯል። ስለዚህ ገንዘብህን ጌጥ ላይ አታፍስስ። እጀታው ግልጽ፣ ሻፍቱ ጥሩ የሆነውን ውሰድ።

ቾክ_በጣቱ

እህቴ፣ ተለጣፊው አሳቀኝ፤ እኔም ገዝቻለሁ እንዲህ ዓይነቱን።

ጠጋኝ

ስቲክ መጠገን ሥራዬ ነው። ሰው ብራንድ ሲመርጥ የማያየው ነገር ቢኖር መጋጠሚያውን ነው። ጆስና ሾን የሚባለው ሌላ ብራንድ 5/16-14 የሚባለውን ብሎን ይጠቀማሉ፤ ውፍረቱ 5/16 ኢንች፣ በአንድ ኢንች ውስጥ 14 ጥርስ ማለት ነው። ማክደርሞት ላይ የምታገኘው 3/8-10 ነው፤ ወፈር ያለ፣ ጥርሱ ራቅ ራቅ ያለ። ፕሪዴተር ላይ በብዛት የሚገኘው ዩኒ-ሎክ ነው፤ ሰካ አድርገህ ጥቂት አዙረህ የምታጠብቀው። ሜዝም የራሱ አለው፣ ዩናይትድና ዌቪ የሚባሉ። ብሎኑ ከተለያየ የአንዱ ሻፍት የሌላው እጀታ ላይ አይገባም። ዛሬ ስቲክ ገዝተህ ነገ የሌላ ብራንድ ሻፍት ልጨምር ካልክ፣ ሻፍቱ በአንተ ብሎን ልክ ተሠርቶ የሚሸጥ መሆኑን አስቀድመህ አረጋግጥ። «ትንሽ ጠበብ ብሎኝ ነው» እያለ በግድ አዙሮ ጥርሱን የፈጀ ስንቱ እጄ ገብቷል።

ሌላው መጣመም ነው። ሰው ገጣጥሞ ጠረጴዛ ላይ ያንከባልልና መሃሉ ብድግ ሲል ይደነግጣል። ምናልባት መጋጠሚያው ትንሽ ዘሞ እንጂ እንጨቱ ደህና ይሆናል። ፍታውና ሻፍቱን ብቻውን አንከባልለው። ከዚያ እንደ ጠመንጃ ዓይንህ ሥር አድርገህ፣ ቀስ እያልክ እያዞርክ እየው።

ስለ ክብደት ብዙ አትጨነቅ። 19 አውንስ፣ ወደ 540 ግራም ማለት ነው፣ ለብዙ ሰው ይስማማል። ብዙዎቹ ላይ የኋላ ጎማውን ነቅለህ ውስጥ ያለውን የክብደት ብሎን መቀየር ይቻላል።

ዘጠኝ_ቁጥር

ሜዝ። የጃፓን ሥራ ነው። ስገጥመው የሚሰማኝ ያ ግጥም ማለቱ ብቻ ይበቃኛል። ለምን እንደምወደው ከዚህ በላይ ማስረዳት አልችልም፤ እጄ ለመደው። ለማንኛውም ሳትሞክር አትግዛ። ካለው ሰው ለአንድ ምሽት ተዋስ።

ነጯን_ተከተል (ጠያቂ)

አመሰግናለሁ ሁላችሁንም። የዘጠኝ ቁጥርን ምክር ሰምቼ ከአንድ ልጅ 314 ያለው ፕሪዴተር ተዋስኩ። ጉድ ሆንኩላችሁ! ድሮ በቀኝ ስመታት ወደ ግራ የምትሄደው ነጯ አሁን ወደ ቀኝ ትሄዳለች። አምስት ቀላል ኳስ ሳትኩ። ልጁ ቆሞ ይስቃል። ስቲኩ ተበላሽቶ ነው?

ቾክ_በጣቱ

ሃሃ፣ ስቲኩ በደንብ ሠርቷል! ራስህ ነህ እኮ «ወደ ቀኝ አስበልጬ ማነጣጠር ለምጃለሁ» ያልከው። አሁን የምታፈነግጠው ትንሽ ነው፤ አንተ ግን የድሮውን ያህል ታካክሳለህ። ዓይንህ የለመደውን ትንሽ በትንሽ ማስረሳት አለብህ።

እንዲህ አድርግ። አንድ ኳስ ከጉድጓዱና ከነጯ ጋር ቀጥ ባለ መስመር ላይ አስቀምጥ፤ ርቀቱ የግማሽ ጠረጴዛ ያህል ይሁን። ስቲክህን በተቻለህ መጠን አግድም ያዝ። ምንም ሳታካክስ ኳሱን መሃል ለመሃል አነጣጥርና ነጯን በቀኝ በኩል ጠንከር አድርገህ ምታት። ቀስ ብለህ ከመታኋት በመንገዷ ላይ ትታጠፍና ፈተናው ይበላሻል። ኳሱን በየት በኩል እንደነካችው እይ። ያችን ልክ ብቻ አካክስ። ሁለት ሳምንት ስጠው።

ጠጋኝ

ደግሞ የገዛኸውን ስቲክ ይዘህ ቆይ። በየሳምንቱ ከቀየርክ ዓይንህ የቱን ይልመድ?

ነጯን_ተከተል (ጠያቂ)

ወስኛለሁ። ማክደርሞት፣ ጂ-ኮር ከሚባለው ሻፍት ጋር። ከውጭ ሜፕል ነው፤ ከፊት በኩል ውስጡ የካርቦን ዘንግ አለው። የእንጨቱ ስሜት አለኝ፣ ማፈንገጡም ከፑል ቤቱ ስቲክ ያነሰ ነው። እውነቱን ለመናገር 314ቱ ይበልጥ ቀጥ ያደርጋል፤ ግን ዋስትናው አሸነፈኝ። እጀታው ላይ ምንም ጌጥ የለም፤ እንጨት ይሻለኛል፣ ምክርሽን ሰምቻለሁ።

አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ። አብሮት የመጣው ቲፕ መካከለኛ ጥንካሬ ያለው ነው። ለስላሳ ላስቀይረው?

ጠጋኝ

ተወው። እስኪያልቅ ተጫወትበት። አናቱ ጠፍጣፋ ሆኖ ቾክ አልይዝ ሲልህ በመሞረጃ ክብ አድርገው፤ ሻፍቱን ግን እንዳትነካው።