ስም አይቶ ተማሪን መገመት

ጥያቄ፦ በቱሉ ዲምቱ አካባቢ አንደኛ ክፍል አስተምራለሁ። አንዳንድ ባልደረቦቼ ገና የስም ዝርዝሩን ሲያነቡ «ናታን» የተባለውን ፈጣን፣ «ማንጠግቦሽ» የተባለችውን ደግሞ ከገጠር የመጣች ዓይን አፋር አድርገው ይገምታሉ። ይህ ግምት ወደ ማርክ እንዳይሻገር ምን እናድርግ?

መልስ 1፦ ስጋትዎ ተገቢ ነው። ሐራሪና ማክዴቪድ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1973 እ.ኤ.አ. ባወጡት የአሜሪካ ጥናት፣ ጥራታቸው ተቀራራቢ የሆኑ የተማሪ ድርሰቶችን በተለያየ ስም ለመምህራን ሲያቀርቡ፣ እንደ ዴቪድና ሊሳ ያሉ ተወዳጅ ስሞች የተጻፉባቸው እንደ ኤልመር ካሉት የተሻለ ማርክ አግኝተዋል።

መልስ 2፦ እኔ ተማሪዎቼን ስማቸውን ከወረቀቱ ጀርባ አስጽፋለሁ፤ አርሜ ሳልጨርስም አልገለብጠውም። የቃል ጥያቄ ላይ ግን ይህ አይሠራም፤ ዋናው ችግርም እዚያ ይመስለኛል።

መልስ 3፦ ወላጅ ነኝ። ልጄ የአያቷን ስም ይዛለች፤ እባካችሁ መምህራን፣ ሳታሳጥሩ በሙሉ ስሟ ጥሩልኝ።