የመሥሪያ ቤታችን ሠራተኞች ለአካባቢያችን ችግረኞች ምን ብናደርግ ይበጃል?

ጠያቂ፦ የቦርከናው

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ኮምቦልቻ ከተማ በሚገኝ አንድ ማምረቻ ድርጅት በሒሳብ ክፍል የምሠራ ሰው ነኝ። ቁጥራችን 140 ገደማ ሲሆን፣ ከግማሽ የምንበልጠው በፈረቃ የምንሠራ ነን፤ ከፈረቃ ሠራተኞቹም አብዛኞቹ ከቃሉና ከአልብኮ የገጠር ቀበሌዎች መጥተው ቤት ተከራይተው የሚኖሩ ወጣት ሴቶች ናቸው። ባለፈው ወር አስተዳደሩ ሠራተኛው ለአካባቢው ሕዝብ የበኩሉን የሚያደርግበት ኮሚቴ እንዲቋቋም ወስኖ፣ እኔም ከአምስቱ አባላት አንዱ ሆኜ ተመርጫለሁ።

ሐሳቡን ከልቤ እደግፈዋለሁ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ በደረሰ ጊዜ ንብረቱን አጥቶ እስከ ዛሬ ያላገገመ ጎረቤት አለን፤ ከግቢያችን አጥር ጀርባ ጧሪ የሌላቸው አረጋውያን እንደሚኖሩም ሁላችንም እናውቃለን። ያልተስማማነው አደራረጉ ላይ ነው። አስተዳደሩ ያቀረበው ዕቅድ፣ ከእያንዳንዱ ሠራተኛ ደመወዝ በየወሩ 2 በመቶ እየተቆረጠ እንዲጠራቀምና በዓመት አንድ ጊዜ በበዓል ሰሞን ዱቄት፣ ዘይትና የተማሪ ቦርሳ ተገዝቶ በአዳራሽ እንዲከፋፈል ነው። ከኮሚቴው ሁለታችን ደግሞ ከገንዘቡ ይልቅ ጉልበትና ሙያ ይቅደም እንላለን።

በማሸጊያ ክፍል የምትሠራ አንዲት እህት በምሳ ሰዓት አጠገቤ ተቀምጣ፣ «መስጠት አልጠላሁም፤ ሳልጠየቅ መቆረጡን ነው የጠላሁት» አለችኝ። ይህ ቃል ከአእምሮዬ አልወጣም፤ ምክንያቱም እኔም ቀድሞ እሠራበት በነበረ መሥሪያ ቤት ለስምንት ወራት «ለበጎ አድራጎት» እየተባለ ከደመወዜ ሲቆረጥ ቆይቶ፣ ገንዘቡ የት እንደገባ የነገረን ሰው አልነበረም። ስለዚህ የምጠይቃችሁ፣ እንዲህ ያለው ቆረጣ በሕግ ይፈቀዳል ወይ? የሚረዳውን ሰውስ ማን ይምረጥ? እንደ እኛ ያለ ሠራተኛ በእርግጥ ሊጠቅም የሚችለውስ በምን ላይ ነው?

መላሽ፦ የሰው ኃይል ባለሙያ፣ ከደሴ

ወንድሜ፣ የመጀመሪያው ጥያቄህ መልሱ ግልጽ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 59 መሠረት አሠሪው ከሠራተኛው ደመወዝ ሊቆርጥ የሚችለው በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ ወይም በፍርድ ቤት ትእዛዝ ሲወሰን፣ አለዚያም ሠራተኛው በጽሑፍ ሲስማማ ነው። የቆረጣው ጠቅላላ ድምርም በምንም ሁኔታ ከወር ደመወዙ ከአንድ ሦስተኛ መብለጥ የለበትም። በመሆኑም የኮሚቴው ቃለ ጉባኤ ወይም በማስታወቂያ ሰሌዳ የተለጠፈ ወረቀት የእያንዳንዱን ሰው ፊርማ አይተካም። በስብሰባ ላይ እጅ ማውጣትም እንዲሁ ነው፤ አለቃው ፊት ለፊት ተቀምጦ እያየው እጁን የማያወጣ ሠራተኛ ስንቱ ነው?

እኔ የምመክረው፣ እያንዳንዱ ሰው የሚሰጠውን መጠን በራሱ እጅ የሚሞላበት፣ በፈለገ ጊዜ ደብዳቤ ጽፎ ማቆም እንደሚችል የሚገልጽ ቅጽ እንድታዘጋጁ ነው። ምንም አልሰጥም ያለ ሰው ስሙ በየትኛውም ዝርዝር ላይ መውጣት የለበትም።

አስተዳደሩንም አንድ ነገር ጠይቁት፤ ሠራተኛው ባዋጣው ልክ ድርጅቱ ከራሱ ይጨምር። በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት ድርጅቱ ለሀገር ውስጥ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ወይም መንግሥት ለሚያቀርበው የአስቸኳይ እርዳታ ጥሪ የሚሰጠው ስጦታ፣ ግብር ከሚከፈልበት ገቢው 10 በመቶ እስካልበለጠ ድረስ በወጪነት ይያዝለታል። ለቅሬ (ለዕድር) ወይም ለግለሰብ በቀጥታ የተሰጠ ግን በዚህ ውስጥ አይቆጠርም ብላችሁ ተነሡ፤ አንተም የሒሳብ ሰው ስለሆንህ ሁለቱን በተለያየ መዝገብ መያዝ አይከብድህም።

መላሽ፦ የሰኞ ገበያው

ልጄ፣ እኔ በሰፈሬ ቅሬ ለብዙ ዓመታት በጸሐፊነት ያገለገልሁ ሰው ነኝ። የሚረዳውን ሰው ማን ይምረጥ ላልኸው ያየሁትን ልንገርህ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በሐምሌ የመጀመሪያ ሳምንት፣ የአንድ መሥሪያ ቤት ሠራተኞች አንድ ዓይነት ካናቴራ ለብሰው በሰፈራችን የሚኖሩ አንዲት እናት ቤት ሊያድሱ መጡ። ጣሪያውን በግማሽ ቀን አነሡት። አሮጌው ቆርቆሮ ሲነሣ ግን ሥሩ ያለው ማገር በስብሶ፣ ምስማር ሲመቱበት እንደ ቆሎ ይፈረፈር ጀመር። የያዙት ገንዘብ ሁሉ ቆርቆሮ ተገዝቶበት ነበርና ለእንጨቱ የተረፈ አልነበረም፤ ቆርቆሮውም ራሱ አልበቃም። ፎቶግራፍ ተነሥተው፣ «በሚቀጥለው ቅዳሜ እንመለሳለን» ብለው ሄዱ። ያን ዕለት ሌሊት ዘነበ። እማማ ፍራሻቸውን አንከባልለው፣ ጀበናቸውን በጉያቸው ይዘው ከጎረቤት ገቡ፤ 17 ቀንም እዚያው ሰነበቱ። በመጨረሻ ቅሬው ማገሩን ገዝቶ፣ ከመካከላችን ያለ አናጢ ሠርቶ ጨረሰላቸው።

የመጡት ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ከመካከላቸው ሲያለቅስ ያየሁት ወጣት ነበር። ነገር ግን አንድም ሰው አስቀድሞ ጣሪያው ላይ ወጥቶ አላየም፤ እማማንም የጠየቃቸው የለም። በኋላ ቡና ላይ ተቀምጠን እኔ ስጠይቃቸው፣ «ጣሪያው ለዚህ ክረምት ይችል ነበር፤ እኔን የሚገለኝ ከኋላ የሚገባው ጎርፍ ነው» አሉኝ። ደሴን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከጦሳ ተራራ ተዳፋት የሚወርደው ውኃ መውረጃ ካላገኘ በጓሮ በኩል ገብቶ የጭቃውን ግድግዳ ከሥሩ ይበላዋል። ያን ለማስቀረት ያስፈልግ የነበረው ክንድ የሚያህል ጥልቀት ያለው ቦይ ነው፤ አሥር ሰው በአንድ ጠዋት ይቆፍረዋል፤ ከአካፋና ከዶማ በቀር ወጪ የለውም።

ስለዚህ ለመምረጥ አትድከሙ፤ የቅሬውን ዳኛ፣ ማለት መሪውን፣ ጠይቁ። በወሎ ቅሬው እስላሙንም ክርስቲያኑንም በአንድ መዝገብ የያዘ ነው፤ ማን መዋጮውን መክፈል እንዳቃተው፣ ማን ደጁን ዘግቶ እንደሚውል ያውቃል። ችግሩን ለቀበሌ አመልክቶ የማያውቅ ይሉኝታ የያዘው ሰው በቅሬው ዘንድ ግን ይታወቃል። የቤት ሥራ ካሰባችሁም ክረምቱን አትጠብቁ፤ የበልጉ ዝናብ ካለፈ በኋላ ግንቦት ላይ ጀምሩ፣ ሰኔ ሳይገባ ጨርሱ።

በአዳራሽ ስለማከፋፈሉ ደግሞ ልቤ አይቀበለውም። አባቴ በ1977 ዓ.ም. ኮረም ላይ ተሰልፎ ስንዴ የተቀበለ ሰው ነበር። የዚያን ጊዜው ሥዕል ዓለምን አንቅቶ እህል አምጥቷልና አልነቅፈውም። አባቴ ግን እስኪሞት ድረስ ሰልፍ አይወድም ነበር፤ ወፍጮ ቤት ሰው በዝቶ ካየ ተመልሶ ይመጣ ነበር። ዛሬ አምስት ሊትር ዘይት ለመስጠት አንድን ሽማግሌ መድረክ ላይ አቁሞ ካሜራ መደገን ምን የሚሉት ነው? ሼኹም ቄሱም የሚያስተምሩን ቀኝ የሰጠውን ግራ እንዳያውቅ ነው። ሲመሽ በሩን አንኳኩታችሁ አስገቡለት።

መላሽ፦ ነርሷ

የሰኞ ገበያው አባታችን ያሉት ሁሉ እውነት ነው። እኔ ገንዘብ የሌለው ሠራተኛም ሊሰጠው ስለሚችለው ነገር ልጨምር፤ ደም ነው።

ከደሴ ራቅ ባለ ሆስፒታል ስሠራ፣ ከወለደች በኋላ ደም እየፈሰሳት በወሳንሳ የመጣች እናት ተቀብዬ ነበር። ባለቤቷ ጋቢውን እንዳጣፋ እጅጌውን ወደ ላይ ሰብስቦ፣ ክንዱን ወደ እኔ ዘርግቶ፣ «ከእኔ ቅጂላት» እያለ ይከተለኝ ነበር። ደም እንዲህ ከአንዱ ክንድ ወደ ሌላው የሚገለበጥ ነገር አይደለም፤ ዓይነቱ መታወቅ፣ ከሚተላለፉ በሽታዎች ነጻ መሆኑም መመርመር አለበት፤ ያ ደግሞ ጊዜ ይወስዳል፤ እሷ ጊዜ አልነበራትም። የተረፈችው አስቀድመው ተሰጥተው በማቀዝቀዣ በተቀመጡ ሁለት ከረጢቶች ነው። ማን እንደሰጣቸው ባልየው አያውቅም፤ እኔም አላውቅም።

አንድ ሰው በአንድ ጊዜ የሚሰጠው 450 ሚሊ ሊትር ገደማ ሲሆን፣ ዕድሜው ከ18 እስከ 65፣ ክብደቱም ከ45 ኪሎ ያላነሰ ጤነኛ ሰው በየሦስት ወሩ ሊሰጥ ይችላል። ብዙ መሥሪያ ቤቶች የሚሳሳቱት የዓለም የደም ለጋሾች ቀን በሚከበርበት ሰኔ 7 ሁሉም በአንድ ቀን ሰጥተው በመሄዳቸው ነው። የተሰበሰበው ቀይ የደም ሕዋስ በማቀዝቀዣ የሚቆየው 35 ቀን ያህል ነው፤ ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ፕሌትሌት ደግሞ 5 ቀን ብቻ። ከለጋሾቹ ብዙዎቹ ተማሪዎች ስለሆኑ፣ ትምህርት ቤት በሚዘጋበት ክረምት ያ ደም አልቆ እጥረቱ ይብሳል። እናንተ ግን ክረምት ከበጋ ሥራ ላይ ናችሁ። ከ140ው 60 ሰው ፈቃደኛና ብቁ ሆኖ ቢገኝ፣ በሦስት ተከፍላችሁ በየወሩ 20 ሰው ቢሰጥ፣ ማንም ከሦስት ወር በፊት ሳይደግም ዓመቱን ሙሉ በየወሩ 20 ከረጢት ይገኛል። የደሴ ደም ባንክን አነጋግሩ።

በፈረቃ ስለሚሠሩት እህቶች ግን አደራ እላለሁ። የሌሊት ፈረቃ ወጥታ ያልተኛች፣ ቁርስ ያልበላች፣ ነፍሰ ጡር ወይም የምታጠባ ሴት መስጠት የለባትም። የደም ማነስ ያለባትም በምርመራው ስትለይ «አትችይም» ተብላ በሰው ፊት እንዳታፍር፣ ምርመራው ለብቻ በሆነ ክፍል ይሁን።

መላሽ፦ የሐይቅ መምህር

በአጭሩ ሁለት ነገር ልበል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በመላ ሀገሪቱ ከተፈተኑት ግማሽ ነጥብና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በቀጣዩም ዓመት 3.2 በመቶ። በድርጅታችሁ ያሉ መሐንዲሶችና ኬሚስቶች በሳምንት ሁለት ሰዓት ሒሳብና ፊዚክስ ቢያስጠኑ፣ ከቦርሳው ይልቅ ይህ ይበልጣል። ቢያንስ ለአንድ ሙሉ መንፈቀ ዓመት የሚዘልቅ ሰው ላኩልን፤ ሦስት ቅዳሜ መጥቶ የቀረ አስጠኚ ልጆቹን እንደሚያስከፋቸው በዓይኔ አይቻለሁ።

ሁለተኛው፣ የእኛ ተሁለደሬ ወረዳ በ2003 ዓ.ም. የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በሙከራ ከተጀመረባቸው 13 ወረዳዎች አንዱ ነውና ጥቅሙን እናውቃለን። የመጨረሻውን ድኻ መዋጮ መንግሥት ይሸፍናል። ከእሱ ጥቂት ከፍ ያለው፣ «ድኻ» ተብሎ ያልተመዘገበው ሰው ግን የማደሻው ወቅት ሲደርስ ጥሬ ገንዘብ አጥቶ የመድን ደብተሩ ጊዜው ያልፍበታል። የምታዋጡት ገንዘብ ለዚህ ቢውል፣ ለአንድ ቤተሰብ ዓመቱን ሙሉ የሚዘልቅ ነገር ሰጣችሁ ማለት ነው።

ጠያቂ፦ የቦርከናው

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ፤ የጻፋችሁትን አትሜ ለኮሚቴው አንብቤዋለሁ። የ2 በመቶው ቆረጣ ቀርቶ፣ እያንዳንዱ ሰው የራሱን መጠን ጽፎ የሚፈርምበት ቅጽ ተዘጋጅቷል። የወጪው ደረሰኝ በየወሩ በምግብ ቤቱ ግድግዳ ላይ እንዲለጠፍ ተስማምተናል። አስተዳደሩ በሠራተኛው ልክ ለመጨመር ገና አልወሰነም፤ የአዳራሹንም ነገር ሙሉ በሙሉ የተወው አይመስለኝም፤ እኔ ግን በዚህ ጉዳይ ወደ ኋላ አልልም።

ትናንት ከሥራ ስንወጣ ሁለት ሆነን የሰፈሩን የቅሬ ዳኛ አነጋገርናቸው። ሦስት ቤት ነገሩን፤ ስማቸውን እንዳንጽፍ፣ ተሰብስበንም እንዳንሄድ አሳሰቡን። ከሦስቱ አንዱ ልክ አባታችን እንዳሉት በጓሮው ጎርፍ የሚገባበት ቤት ነው፤ ባለቤቱን ጠይቀን፣ ቦዩ በየት በኩል እንደሚወርድ ራሳቸው በበትራቸው መሬቱን እየጫሩ አሳይተውናል።

የማሸጊያ ክፍሏ እህት ቅጹን ወስዳ በወር 30 ብር ጽፋ ፈርማለች፤ ደም ስለመስጠትም ጠይቃኝ የእህታችንን የነርሷን ጽሑፍ ሰጥቻታለሁ። ለመጪው እሑድ ቁፋሮ 11 ሰው ተመዝግቧል። ያሉን አካፋዎች አራት ብቻ ስለሆኑ የጎደለውን ከቅሬው እንዋሳለን።